ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት፦ በአዳማ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውሃ ለመጠጥና ለመስኖ

ጥያቄ፦ «ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው አቅጣጫ አንድ ሄክታር የሚጠጋ የቤተሰብ መሬት አለን። በክረምት ጤፍና በቆሎ እንዘራበታለን፤ በበጋ ግን ጦሙን ያድራል። ከወንድሞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ጥልቅ ጉድጓድ በማስቆፈር ሽንኩርትና ቲማቲም ለማልማት፣ ውሃውንም ለቤት ለመጠቀም አስበናል። በቤታችን ስድስት ነን፤ ሁለቱ ልጆች ገና ትምህርት አልጀመሩም። ቁፋሮ የሚሠራው ሰው ከ100 ሜትር በላይ ከወረድን ንጹሕ ውሃ እናገኛለን ይለናል። ባለቤቴ የአካባቢው ልጆች ጥርስ በልዞ እያየች ትሰጋለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጥርስ የሚያበላሸው ሸንኮራ አገዳ ነው፣ ውሃውን አፍልታችሁ ከጠጣችሁ ምንም አትሆኑም ይላሉ። የጎረቤታችን ጉድጓድ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ሳሙናም ቶሎ ያረፋል። እንቆፍር ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦ ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት የጥልቀቱ ወይም የማፍላቱ ጉዳይ ሳይሆን፣ የማሳው ውሃና የቤቱ መጠጥ ከአንድ ጉድጓድ ይቀዳሉ የሚለው መነሻ ሐሳብ ነው። በእርስዎ አካባቢ እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ተለያይተው መታየት አለባቸው። አንዱ የልጆችዎን ጥርስና አጥንት፣ ሌላው የመሬትዎን ዕድሜ የሚመለከት ሲሆን፣ መለኪያቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

ባለቤትዎ ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው፤ የሸንኮራ አገዳው ማብራሪያ ግን ስሕተት ነው። ስኳር ጥርስን ይቦረቡራል እንጂ ከድድ ሲወጣ ጀምሮ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ መስመር ያለበት ጥርስ እንዲበቅል አያደርግም። እንዲህ ያለው መበለዝ፣ በተለይም በግራና በቀኝ ባሉ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ በአንድ ዓይነት መልክ ሲታይና በአንድ ሰፈር ልጆች ላይ ሲደጋገም፣ በአብዛኛው የሚያመለክተው በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ይህን ጉዳት የሚያደርሰው ጥርሱ ገና በመንጋጋ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው፤ ጊዜውም ከሕፃንነት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ይዘልቃል። ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ውሃው ቢቀየርም፣ በመፋቂያ ቢፋቅም፣ ቀለሙ አይለቅም። ከቤተሰብዎ ውስጥ ከሁሉ በፊት ሊታሰብላቸው የሚገባው ትምህርት ያልጀመሩት ሁለቱ ልጆች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእነርሱ ጊዜው አላለፈም።

ጉዳዩ በጥርስ መልክ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቄ አልጽፍም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ይደነድናል፤ መጀመሪያ ወገቡንና መገጣጠሚያዎቹን ያመዋል፣ ቀጥሎም አንገቱን ማዞር፣ ጎንበስ ብሎ መነሣት ያቅተዋል፤ ሲከፋ ደግሞ ጎብጦ ይቀራል። ለዚህ ከእርስዎ ቀዬ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዙሪያው የሰፈረው የሸንኮራ ልማት ሠራተኛና ቤተሰቡ የሚጠጣው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነበር። ከእነዚህ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ በሊትር ከ10 ሚሊግራም የሚበልጥ ፍሎራይድ እንደነበረባቸው በኋላ በምርመራ የታወቀ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ አካልን እስከማጉበጥ የደረሰ የአጥንት ሕመም ተመዝግቧል። ሕመሙ አንዴ ከመጣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ ማድረግ የሚቻለው ውሃውን ቀይሮ እንዳይብስ መግታት ነው።

ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ለዚያ ተግባር ጥሩ ነው። ፍሎራይድ ግን ጀርም ሳይሆን በውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው፤ አይሞትም፣ በእንፋሎትም አይወጣም። ውሃው ሲፈላ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ በድስቱ የሚቀረው ፍሎራይድ ባነሰ ውሃ ውስጥ ይሰበሰባል፤ አሥር ሊትር ፈልቶ ዘጠኝ ቢቀር በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ዘጠነኛ ይጨምራል። እንደ ውሃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎች፣ በጨርቅ ማጥለልም ሆነ የሸክላ ማጣሪያ እንዲሁ ፍሎራይድን አይነኩትም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ሊጥ የሚቦካበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ሻይና ቡና የሚፈላበት ውሃ ሁሉ የመጠጥ ውሃ ነው። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ እየገዙ ምግቡን በጉድጓድ ውሃ የሚሠሩ ቤተሰቦች ችግሩን በከፊል ብቻ ነው የሚቀንሱት።

ይህ ሁሉ ፍሎራይድ ከየት መጣ? በፋብሪካ ፍሳሽ ወይም በማዳበሪያ የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ምንጩ ግን ራሱ አለቱ ነው። አዳማ የቆመችው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ እሳተ ገሞራ በተፋው አመድ፣ ፐሚስ በሚባል ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይና ብርጭቆ መሰል አለት ላይ ነው። በእነዚህ አለቶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከውሃ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ከሥር ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። የሶደሬ ፍል ውሃ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የሚፈልቀው ይህ ሙቀት ከእግራችን በታች ስላለ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሳሙናው ያነሡት ነገር ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን ስቦታል። ፍሎራይድና ካልሲየም በአንድ ውሃ ውስጥ በብዛት አብረው አይኖሩም፤ ካልሲየም ሲበዛ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጣል። በስምጥ ሸለቆው አለት ውስጥ ሲያልፍ የቆየ ውሃ ግን ካልሲየሙን ለአለቱ እየሰጠ በምትኩ ሶዲየም ይቀበላል፤ ካልሲየሙ ባለቀ መጠን ፍሎራይዱን የሚያስቀረው አይኖርም። ካልሲየም የጎደለው ውሃ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት አያበጅም፣ ሲጠጡትም ደስ ይላል። ሰው ይህን ሁሉ የጥሩ ውሃ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። በሌላ አገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አካባቢ ግን ጥርት ያለ፣ ሳሙና ቶሎ የሚያረፋ፣ ምናልባትም ከጉድጓድ ሲወጣ ለብ የሚል ውሃ ከሁሉ ቀድሞ ላቦራቶሪ መግባት ያለበት ነው። ፍሎራይድ ቀለምም፣ ሽታም፣ በዚህ መጠን ጣዕምም የለውም፤ በዓይንና በምላስ የሚለይ ሰው የለም።

ከ100 ሜትር በታች ንጹሕ ውሃ ይገኛል የሚለው ምክር ከሁለት የተለያዩ ነገሮች መደባለቅ የመጣ ነው። ጥልቅ ውሃ ከሽንት ቤትና ከከብት በረት በሚሰርግ ቆሻሻ የመበከል ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ከማዕድን አንፃር ግን ጥልቀት ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ጥልቅ ውሃ ከአለቱ ጋር የቆየበት ጊዜ ረጅም፣ ሙቀቱም ከፍ ያለ ስለሚሆን ፍሎራይዱና ሶዲየሙ ሊብስ ይችላል። በአንጻሩ ከወንዝ አጠገብ ባለ ደለል ውስጥ የሚገኝ ጥልቀት የሌለው ውሃ ከወንዙ እየታደሰ ፍሎራይዱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያ ደግሞ በጀርም የመበከል አደጋው የጎላ ነው። ሁለት ጉድጓዶች በጥቂት መቶ ሜትሮች ተራርቀው ሙሉ በሙሉ የተለያየ ውሃ ሊሰጡም ይችላሉ። የቁፋሮ ክፍያ በሜትር የሚታሰብ መሆኑንም ሳይዘነጉ፣ «ጥቂት ሜትር ብንጨምር ይጠራል» የሚለውን ምክር ያለ ውሃ ምርመራ ውጤት አይቀበሉ።

ፍሎራይድ የሚያስወግዱ ዘዴዎች አሉ፤ አቅማቸውን ግን ማወቅ ይገባል። ናልጎንዳ በሚባለው የሕንድ ከተማ ስም የሚጠራው ዘዴ በውሃው ላይ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ በልክ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ ዝቃጩን ማስቀረት ነው፤ ዕቃዎቹ ርካሽ ቢሆኑም መጠኑ በየዕለቱ በጥንቃቄ መለካት አለበት፣ ፍሎራይዱ በጣም ከፍ ካለም እስከ 1.5 አያወርደውም። የአጥንት ከሰል፣ ማለትም በቂ አየር በሌለበት ምድጃ የተቃጠለ የከብት አጥንት፣ ይበልጥ ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ይጠግብና መያዙን ያቆማል፣ መጥገቡም ካልተመረመረ አይታወቅም፣ በጾም ወቅት በአጥንት የተጣራ ውሃ መጠጣት የሚከብዳቸው ቤተሰቦችም አሉ። በግፊት የሚሠራው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ፍሎራይዱን በደንብ ያስወጣል፤ መብራትና መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ከሚገባው ውሃ ከፊሉንም ማዕድኑ ተሰብስቦበት ወደ ውጭ ይጥላል። ሦስቱም ክትትል ባለው ተቋም ወይም የመንደር ውሃ ጣቢያ ሊሠሩ ይችላሉ። ለአንድ ገበሬ ቤት ግን ዘላቂ ናቸው ብዬ አልመክርም፤ ክትትሉ በላላ ማግሥት ቤተሰቡ ሳያውቀው ወደ ቀድሞው ውሃ ይመለሳል።

ለቤትዎ የተሻለው መንገድ ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ ማጣራት ሳይሆን ከመነሻው ፍሎራይዱ ያነሰ ውሃ መያዝ ነው። የአዳማ ከተማ ዋና የውሃ አቅርቦት ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ይህ ውሃ በቧንቧም ሆነ በቦኖ በአቅራቢያዎ የሚገኝ ከሆነ ለመጠጥና ለምግብ ከጉድጓዱ ይመረጣል። በእርስዎ ቀበሌ ያለው ቦኖ ከወንዙ ይሁን ከጉድጓድ የሚሞላ መሆኑን ግን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ በቧንቧ መምጣቱ ብቻ ምንጩን አያሳይም። የወንዝ ውሃም የራሱ ችግር እንዳለው መታወቅ አለበት። ይህ ውሃ የሚመጣው በ1952 ዓ.ም. ከተሠራው የቆቃ ግድብ በታች ነው፤ ከላይኛው ተፋሰስ የሚታጠበው አፈር ግድቡን እየደለለው፣ ከአዲስ አበባና ከሞጆ በኩል የሚወርደው ፍሳሽ አልጌና እምቦጭ እያበዛበት ነው። ከጉድጓድ ወደ ወንዝ መሻገራችን ከአለቱ ፍሎራይድ አድኖናል፤ በምትኩ ከላይ ያለው ሰው ለመሬቱና ለፍሳሹ በሚያደርገው ጥንቃቄ ላይ ጥገኛ አድርጎናል። ይህን የምጽፈው የአዳማ ነዋሪ የቆቃን ተፋሰስ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ማየት እንደማይችል አጥብቄ ስለማምን ነው።

ሁለተኛው፣ እኔም ለእርስዎ ከሁሉ አስበልጬ የማቀርበው፣ የዝናብ ውሃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። አዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ 60 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሚወርድበት አንድ አምስተኛው በመርጨትና በመትነን ቢባክን እንኳ፣ ወደ 38,000 ሊትር ይሰጣል። ስድስት ሰዎች ለመጠጥና ለምግብ በነፍስ ወከፍ በቀን ስድስት ሊትር ቢጠቀሙ 36 ሊትር ነው፤ ለስምንት ደረቅ ወራት 8,600 ሊትር ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ክረምት ላይ ከሞላ ቤተሰብዎን እስከ ቀጣዩ ክረምት ያደርሳል፤ በበልግ የሚጥለው ደግሞ ይደጉመዋል። ወጪውም ከጥልቅ ጉድጓድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጥንቃቄዎቹ ቀላል ቢሆኑም የሚታለፉ አይደሉም፦ የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ውጭ ይፍሰስ፤ አሸንዳው ከክረምት በፊት ይጠረግ፤ ሮቶው ብርሃንና ትንኝ በማያስገባ ክዳን ይዘጋ፤ ውሃው በባልዲ ሳይሆን በቧንቧ ይቀዳ፤ ለመጠጥ የሚሆነው በክሎሪን ይታከም ወይም ይፍላ። ለዚህ ውሃ ማፍላቱ በቂ ነው፣ ምክንያቱም ሊኖርበት የሚችለው ጀርም እንጂ ፍሎራይድ አይደለም። ጣሪያው የአስቤስቶስ ክዳን ወይም እየተላጠ ያለ አሮጌ ቀለም ያለበት ከሆነ ግን ለመጠጥ አይጠቀሙበት።

ወደ ማሳው ልመለስ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመስኖ ውሃ ወደ ፍሬያቸው የሚያሳልፉት ፍሎራይድ በአመዛኙ ጥቂት ነው፤ ከሚበሉት ሽንኩርት ይልቅ የሚጠጡት ውሃ ነው የሚያሰጋው። የወተት ላም ካለዎት ግን ልብ ይበሉ፦ ለከብት የሚመከረው ጣሪያ በሊትር ሁለት ሚሊግራም ያህል ነው፤ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ከብቶች ጥርሳቸው ያለ ዕድሜው ያልቃል፣ ያነክሳሉም። ለማሳው ትልቁ አደጋ ፍሎራይዱን ያመጣው ያው ባሕርይ፣ ማለትም የሶዲየም መብዛትና የካልሲየም ማነስ ነው።

ነገሩን በኩንታል ማየት ይጠቅማል። በሊትር አንድ ግራም የሟሟ ማዕድን ያለበት ውሃ በምላስ ብዙም አይታወቅም። ሽንኩርት በቦይ ሲጠጣ ለአንድ ምርት ወቅት በሄክታር 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢፈልግ፣ ከዚያ ውሃ ጋር ወደ ማሳዎ የሚገባው ማዕድን 5,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 50 ኩንታል ይሆናል። ውሃውን ተክሉና ፀሐይ ይወስዱታል፤ 50 ኩንታሉ ግን መሬት ውስጥ ይቀራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ካለሙ መቶ ኩንታል ነው። ሽንኩርት ደግሞ ጨው ከማይችሉ ሰብሎች አንዱ ነው፤ የአፈሩ ጨዋማነት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሲለካ 1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር (የአስተላላፊነት መለኪያ) ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ቲማቲም እስከ 2.5 ይታገሣል።

ከጨውም በላይ ሶዲየሙ አፈሩን ራሱን ይቀይረዋል። ሶዲየም የበዛበት አፈር ቅንጣቶቹ ይበታተናሉ፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ማሳ ሲታይ ይታወቃል፦ ካጠጡት በኋላ ውሃው በቦዩ ውስጥ ሰዓታት ተኝቶ ይቆያል፣ አይሰርግም፤ የተኛው ውሃ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይጠቁራል፤ ሲደርቅ በመደቡ ትከሻ ላይ ነጭ ዱቄት፣ በረባዳው ላይ ጥቁር ቅርፊት ይታያል፤ ቅርፊቱን በጣት ቢያነሡት እንደ ሸክላ ስብርባሪ ይነሣል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። ችግኙ ውሃ ላይ ቆሞ በጥማት ይጠወልጋል። ገበሬው ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምራል፤ በጨመረ መጠን ሶዲየሙም ይጨምራል። ካልሲየም ያለበትን ጂፕሰም የሚባል ማዕድን በመጨመር ካልሲየሙን መመለስና በጥሩ ውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ጊዜ፣ ገንዘብና የውሃ መውረጃ ግን ይፈልጋል።

መውረጃው ነው በእርስዎ አካባቢ የሚያስቸግረው። የጨዋማ መሬት የተለመደ መድኃኒት ውሃ አብዝቶ አጠጥቶ ጨዉን ከሰብሉ ሥር በታች ማውረድ ነው። በወንጂ ሜዳ ግን ለረጅም ዘመን በተካሄደው መስኖ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ የቀረበባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ያወረዱት ጨው በሙቀቱ ጊዜ ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል። የዚህ መጨረሻ ወዴት እንደሚያመራ ለማየት ወደ መተሐራ መሄድ ይበቃል። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውሃው የግጦሽና የእርሻ መሬት ውጧል፣ መንገድና የባቡር ሐዲድም ለጉዳት አጋልጧል። የስምጥ ሸለቆው የመሬት እንቅስቃሴ ድርሻ እንዳለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ በአካባቢው ካሉት ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ትርፍ ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ማድረጉ ግን በዋና ምክንያትነት ከሚጠቀሱት ውስጥ ነው። የእርስዎ አንድ ሄክታር በሰቃን አያመጣም። በአንድ ሜዳ ላይ ብዙ ባለ አንድ ሄክታሮች ያለ መውረጃ ሲያጠጡ ግን ውጤቱ የአንዱ ትልቅ እርሻ ውጤት ነው።

ተቃራኒው አደጋም አለ፤ መሬቱ ከወንዙና ከስኳር ልማቱ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ብዙ ፓምፕ በአንድ ላይ ሲስብ የውሃው ደረጃ ይወርዳል። በተለይ የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ነዳጅ ስለማይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ የሚያቆመው ወጪ የለምና። መጀመሪያ የሚደርቀው የጎረቤት የእጅ ጉድጓድ ነው። ከዚያም ውሃው ከታች ሲሳብ ሞቃቱና ማዕድን የበዛበት ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሊቀርብ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ዓመት ደኅና የነበረ ውሃ በሦስተኛው ዓመት ሌላ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሕጉም ይህን ያውቃል፦ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድና ከባሕላዊ አጠቃቀም በቀር ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ለቤት ፍጆታም ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። ከመሬትዎ ሥር ያለው ውሃ የመሬቱ ይዞታ ስላለዎት ብቻ የእርስዎ አይሆንም። በማሽን የሚቆፈር ጉድጓድ ያለ ፈቃድ አይጀምሩ፤ በኋላ ከጎረቤት ጋር ለሚነሣ ክርክርም መከላከያ አይኖርዎትም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የቁፋሮ ውሉን አሁን አይፈርሙ። በዚህ ዓመት ያላችሁን ገንዘብ ከፊሉን ለአሸንዳና ለሮቶ አውሉት፤ ጉድጓዱ ተቆፈረም አልተቆፈረም ልጆቹ ከእርሱ እንዳይጠጡ ወስኑ፣ ምግብም አይሠራበት። ጎን ለጎን በዙሪያዎ ካሉ ሦስት ወይም አራት ጉድጓዶች፣ ሳሙና ቶሎ ከሚያረፋው የጎረቤትዎ ጉድጓድ ጭምር፣ ናሙና ወስደው ያስመርምሩ። ናሙናው የሚወሰደው ፓምፑ ለተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ ነው፤ በመስታወት ሳይሆን በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በራሱ በውሃው ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እስከ አፉ ተሞልቶ ይዘጋ፤ የጉድጓዱ ቦታ፣ ጥልቀቱና ቀኑ ይጻፍበት። ላቦራቶሪው ፍሎራይድን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን፣ ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን)፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዢየም፣ ባይካርቦኔትና ናይትሬት እንዲለካልዎ ይጠይቁ። የፍሎራይድ ቁጥር ብቻ ይዘው ቢመለሱ ስለ ማሳው የሚነግርዎ ነገር የለም።

ውጤቱ ሲመጣ አስተላላፊነቱ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች ከሆነ ጨዉ አያሰጋም፤ ከ3 በላይ ከሆነ ሽንኩርቱን ይርሱት። ከ3 በታች በሆነ ውሃ ሁሉ ግን ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ናቸው የሚወስኑት፦ ባይካርቦኔትና ካርቦኔቱ ከካልሲየምና ከማግኒዢየሙ ድምር በሊትር ከ2.5 ሚሊኢኩቫለንት (ላቦራቶሪ የሟሟ ማዕድናትን የሚያነጻጽርበት መለኪያ) በላይ የሚበልጥ ከሆነ ውሃው ለመስኖ አይሆንም፣ ከ1.25 በታች ከሆነ ይሆናል፤ ይህን ስሌት ላቦራቶሪው ወይም የወረዳዎ የመስኖ ባለሙያ ይሠራልዎታል። ከጎረቤት ጉድጓዶች አብዛኞቹ ከገደቡ ካለፉ የእርስዎ ይለያል ብለው ገንዘብ አያፍስሱ። ከገደቡ በታች ከሆኑ ፈቃድ አውጥተው ይቆፍሩ፤ ሆኖም መላውን ሄክታር ሳይሆን ከሩብ ያልበለጠውን በጠብታ መስኖ ይጀምሩ፣ በክረምት መሬቱ በዝናብ እንዲታጠብ ጤፉን መዝራትዎን ይቀጥሉ፣ በየዓመቱ በበጋው ማብቂያ ላይ ውሃውንም አፈሩንም ያስመርምሩ። ጨዋማነቱ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከጨመረ መስኖውን ያቁሙ፤ ያፈሰሱትን ገንዘብ ለማስመለስ ሲሉ አንድ ወቅት መጨመር መሬቱን ያሳጣዎታል።

በውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ። አንደኛ፣ ቁፋሮው እንዳለቀ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተከታታይ የፓምፕ ሙከራ ተደርጎ፣ ናሙናው በሙከራው ማብቂያ ላይ እርስዎ ባሉበት ይወሰድ፤ የመጨረሻው ክፍያም ከዚያ በኋላ ይፈጸም። ሁለተኛ፣ ውሃው የማይሆን ሆኖ ከተገኘ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ወይም በሸክላ አፈር ደፍኖ ማሸግ የቆፋሪው ግዴታ ይሁን። ክፍት የቀረ ጉድጓድ ከላይ የሚወርደውን ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ታችኛው ውሃ ያደርሳል፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳይከደን ማደር የለበትም።